«ያስተኙኛል ወይ?» ስለ ብሮንኮስኮፒ ምርመራና ማደንዘዣ

ብሮንኮስኮፒ የተባለውን የሳንባ ምርመራ እንዲያደርጉ የተነገራቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስቀድሙት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ያስተኙኛል ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቱቦ በአፍንጫ ወይም በአፍ ገብቶ እስከ ሳንባ ይወርዳል ሲባል የማይደነግጥ ማን አለ? ይሁን እንጂ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚያልቅ አይደለም። የሚያሳስበው ደግሞ ይህ ጥያቄ ከእርሱ የሚበልጠውን ሌላ ጥያቄ እየሸፈነ መምጣቱ ነው። ይኸውም «መድኃኒቱ ሲያንቀላፋኝ አተነፋፈሴን የሚከታተልልኝ ማን ነው?» የሚለው ነው።

ጉዳዩን አሁን ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ብሮንኮስኮፒ በአገራችን ለረጅም ጊዜ በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ የሚሠራ ምርመራ ነበር። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ በ2013 የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ሰብ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ከተጀመረ ወዲህ ግን ባለሙያዎቹ በዝተዋል፤ አገልግሎቱም በመንግሥትም በግልም ሆስፒታሎች ይሰጣል። ይህ መልካም ዜና ነው። ችግሩ ቱቦውን የሚያስገባው ሐኪም በተገኘበት ቦታ ሁሉ የሰመመን ባለሙያ፣ የክትትል ነርስ፣ የመቆጣጠሪያ መሣሪያና የማገገሚያ አልጋ አብረው ላይገኙ መቻላቸው ነው። በአገራችን ማደንዘዣ የሚሰጡት በአብዛኛው በዲግሪ ደረጃ የሠለጠኑ የሰመመን ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ቁጥራቸው ለቀዶ ሕክምና ክፍሎች እንኳ አይበቃም። ምጥ የጠናባት እናት ቀዶ ሕክምና እየጠበቀች ባለችበት ሰዓት የሰመመን ባለሙያውን ለሳንባ ምርመራ ይምጣልን ማለት ለማንም ከባድ ነው።

አስቀድሞ ምርመራው ምን እንደሆነ በአጭሩ እንይ። ብሮንኮስኮፕ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው፣ ከእርሳስ የማይወፍር ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ሐኪሙ በአፍንጫ ወይም በአፍ አስገብቶ በድምፅ አውታሮች መካከል ያሳልፈውና የአየር ቧንቧዎቹን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይመለከታል። ካስፈለገም በትንሽ ጨዋማ ውሃ አጥቦ ፈሳሹን መልሶ ይስባል ወይም ቅንጣት ሥጋ ለናሙና ይወስዳል። ደም የቀላቀለ አክታ ያለው፣ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ዕጢ የሚመስል ጥላ የታየበት፣ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ተጠርጥሮ አክታው ላይ ምንም ያልተገኘ ወይም ጭራሽ አክታ ማውጣት ያልቻለ ሰው ይታዘዝለታል።

ፍርሃቱ የሚያስከፍለው ዋጋም እዚህ ላይ ነው። ምርመራውን ፈርቶ የቀረ ሰው ብዙ ጊዜ ያለ ሕክምና አይቀመጥም፤ «የቲቢውን መድኃኒት ልሞክረው» ይላል። በአገራችን ቲቢ ብዙ በመሆኑ ግምቱ አንዳንድ ጊዜ ልክ ይሆናል። የመደበኛው የቲቢ ሕክምና ግን 6 ወር ነው። በሳንባው ውስጥ ያለው ካንሰር ከሆነ እነዚያ 6 ወራት በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችል የነበረውን ዕጢ ሊወጣ ወደማይችልበት ደረጃ ሊያደርሱት ይችላሉ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሆነም በዚያው ጊዜ ውስጥ ቤተሰቡን ሊያዳርስ ይችላል። ስለዚህ ስለ ማደንዘዣው በግልጽ መነጋገር ሰውን ከማጽናናት ያለፈ ጥቅም አለው፤ በሽታው በጊዜ መታወቅ አለመታወቁን ይወስናል።

በነገራችን ላይ፣ በዓለም የመጀመሪያው ብሮንኮስኮፒ የተደረገለት ሰው አልተኛም ነበር። እ.ኤ.አ በ1897 በጀርመኗ ፍራይቡርግ ከተማ ጉስታቭ ኪሊያን የተባለ ሐኪም በአንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ ውስጥ የተሰነቀረ የአሳማ አጥንት ያወጣው ጉሮሮውን በኮኬይን አደንዝዞ ነው። ኮኬይን በዚያ ዘመን የታወቀ የማደንዘዣ መድኃኒት ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሥራው የሚሠራው ቀጥ ባለ የብረት ቱቦ ነበር። ጃፓናዊው ሐኪም ሺጌቶ ኢኬዳ በ1960ዎቹ አጋማሽ ተጣጣፊውን ቱቦ ሲያስተዋውቅ ምርመራው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቶ በተመላላሽ የሚሠራ ሆነ። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወጣ ግን የሰመመን ባለሙያው አብሮት አልወጣም። የዛሬው ክርክር ሥሩ እዚያ ነው።

ለመሆኑ የብሮንኮስኮፒ ማደንዘዣ ከሌላው በምን ይለያል? ትርፍ አንጀቱ የሚወጣለትን ሰው እናስብ። ቀዶ ሐኪሙ የሚሠራው ሆድ ላይ ነው፤ የሰመመን ባለሙያው ደግሞ ከራስጌ ሆኖ የአየር መንገዱን ብቻውን ይዞ ይጠብቃል። በብሮንኮስኮፒ ግን ሐኪሙ የሚሠራውም ሕመምተኛው የሚተነፍስበትም መንገድ ያው አንዱ ነው። ቱቦው የመንገዱን አንድ ክፍል ይይዛል። ሐኪሙ አክታ ሲስብ አየሩም አብሮ ይሳባል፤ ሲያጥብ ደግሞ ውሃ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቀድሞውንም በታመመ ሳንባ ላይ ነው። በዚህ ላይ አተነፋፈስን የሚያቀዘቅዝና ሳልን የሚያፍን መድኃኒት ሲጨመር የጥንቃቄው መጠን ምን ያህል መሆን እንዳለበት መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ «መተኛት» የሚለው ቃል እንደሚያሳስት ልብ ይበሉ። በሕክምናው ዓለም ከመጠነኛ መረጋጋት እስከ ሙሉ ሰመመን ያሉ ደረጃዎች አሉ። በመጀመሪያው ደረጃ ሰውየው ይረጋጋል እንጂ ንቁ ነው። በሁለተኛው ያንቀላፋል፤ ስሙን ሲጠሩት ግን ይመልሳል። በሦስተኛው ካልተቆነጠጠ አይሰማም፤ ትንፋሹም ሊያንስ ይችላል። በአራተኛው ምንም አይሰማም፤ አብዛኛውን ጊዜም ትንፋሹን ሌላ ሰው ወይም ማሽን ይይዝለታል። በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ግድግዳ የለም። ለ25 ዓመት ጎረምሳ ማንቀላፊያ የሆነው መጠን ለከሱ የ75 ዓመት እናት ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሊያደርስ ይችላል። በዚህ ምክንያት የሰመመን ሕክምና መሠረታዊ ደንብ እንዲህ ይላል፤ መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው ሕመምተኛው ከታሰበው ደረጃ አንድ እርከን ቢያልፍ ሊያወጣው የሚችል መሆን አለበት። ለማንቀላፋት ብሎ የጀመረ ባለሙያ ትንፋሽ ቢያጥር በፊት ጭምብልና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት መተንፈስ ማስቻልን ማወቅ ይጠበቅበታል ማለት ነው።

ወደ መድኃኒቶቹ ስንመጣ የሁሉም መነሻ ሊዶኬይን ነው። ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው መድኃኒት ዘመድ ነው ቢባል ይቀላል። በአፍና በጉሮሮ ይረጫል፤ በአፍንጫ ይቀባል፤ ቱቦው ሲወርድም በራሱ በቱቦው በኩል ጠብ ጠብ ይደረጋል። ይመራል። ጥቂት ቆይቶም «ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ» የሚል ስሜት ያመጣል። ይህ ስሜት መድኃኒቱ መያዙን የሚያሳይ ነው፤ ጉሮሮው አልተዘጋም፣ አየሩም እየገባ ነው። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን በዚህች ደቂቃ ተጨንቆ እጁን ዘርግቶ ቱቦውን ሊይዝ ይችላል። በደንብ የደነዘዘ ጉሮሮና ሁኔታውን በየደረጃው እያስረዳ የሚሠራ ሐኪም ካሉ ብዙ ሰዎች ያለምንም ማንቀላፊያ መድኃኒት ምርመራውን ይጨርሳሉ።

ሊዶኬይን በጉሮሮ ስለሚረጭ ብቻ ቀላል መድኃኒት አይደለም። ከሳንባ በፍጥነት ወደ ደም ይገባል። የባለሙያ ማኅበራት መመሪያዎች ከፍተኛውን መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ7 እስከ 8 ሚሊግራም አካባቢ ያስቀምጡታል። ለ60 ኪሎ ሰው 450 ሚሊግራም ገደማ መሆኑ ነው። ከባለ 10 ፐርሰንቱ መርጫ አንድ ጊዜ ሲረጭ 10 ሚሊግራም ይወጣል፤ ከባለ 2 ፐርሰንቱ ፈሳሽ አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ደግሞ 20 ሚሊግራም አለ። ቆጥሮ የሚመዘግብ ሰው ከሌለ ድምሩ ሳይታወቅ ያልፋል። በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ1996 አንዲት ጤነኛ የ19 ዓመት ተማሪ ለጥናት ፈቃደኛ ሆና ብሮንኮስኮፒ ከተደረገላት በኋላ የሞተችው በተሰጣት ሊዶኬይን ብዛት ነው። የሳንባ በሽታም፣ የማንቀላፊያ መድኃኒት ስህተትም አልነበረም። ከምርመራው በፊት ክብደትዎን ካልመዘኑዎት «አልመዘናችሁኝም» ማለት ያለብዎት በዚህ ምክንያት ነው። ጆሮዎ ቢጮህ፣ አፍዎ ውስጥ የብረት ጣዕም ቢሰማዎት ወይም ሰውነትዎ ቢንቀጠቀጥ እጅዎን አንሥተው ያሳዩ።

ከሊዶኬይን ቀጥሎ በደም ሥር የሚሰጡት ይመጣሉ። በብዙ አገሮች የተለመዱት ሚዳዞላምና ፌንታኒል ናቸው። ሚዳዞላም ያረጋጋል፣ ያስረሳልም፤ ብዙ ሰው «ምንም አላስታውስም» የሚለው ከእርሱ የተነሣ ነው። ፌንታኒል ሳልንና ሕመምን ያበርዳል። ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ትንፋሽን የማቀዝቀዝ ኃይላቸው ይበረታል። መልካሙ ነገር ለሁለቱም ማርከሻ መኖሩ ነው፤ ለሚዳዞላም ፍሉማዜኒል፣ ለፌንታኒል ናሎክሶን። ይሁንና ማርከሻዎቹ ቶሎ ያልቃሉ። ማርከሻ ተሰጥቶት የነቃ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሊያንቀላፋ ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ቤቱ አይሰደድም።

ኬታሚን በአገራችን ከከተማ እስከ ገጠር ሆስፒታል የሚታወቅ ባለውለታ መድኃኒት ነው። ትንፋሽን እንደ ሌሎቹ አያዳክምም። ለብሮንኮስኮፒ ግን ብቻውን አይመረጥም፤ ምራቅ ያበዛል፣ የጉሮሮን መነካት ያባብሳል፣ የደም ግፊትንም ይጨምራል።

የሰሞኑ ክርክር በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በፕሮፖፎል ላይ ነው። ወተት የመሰለው ይህ መድኃኒት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያስተኛል፤ ሲቆም ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ያነቃል። ሕመምተኛው ደስ ይለዋል፣ ሐኪሙም ሳያጣድፈው ይሠራል። ማርከሻ ግን የለውም፤ በማንቀላፋትና ትንፋሽን በማቆም መካከል ያለው ርቀትም ጠባብ ነው። ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ በ2009 በመኖሪያ ቤቱ የሞተው ተገቢው መቆጣጠሪያ ሳይኖር በተሰጠው በዚሁ መድኃኒት እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ለርዕሳችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአሜሪካዊቷ ኮሜዲያን ጆአን ሪቨርስ ጉዳይ ነው። የ81 ዓመቷ አዛውንት በነሐሴ 2014 (እ.ኤ.አ) በኒውዮርክ አንድ ክሊኒክ ጉሮሮና ጨጓራቸው በካሜራ ሲመረመር በፕሮፖፎል ተኝተው ነበር። በምርመራው መካከል አንጎላቸው ኦክስጅን አጣ፤ ከሳምንት በኋላ በሆስፒታል አረፉ። የፌደራል መንግሥቱ መርማሪዎች በኋላ ባወጡት ሪፖርት ክሊኒኩ የሴትየዋ ሁኔታ እየተበላሸ መሄዱን በጊዜው አለማስተዋሉን፣ ከማስተኛቱ በፊትም ክብደታቸውን አለመመዝገቡን ጠቅሰዋል። በሀብታም ከተማ፣ በታዋቂ ሐኪሞች እጅ የሆነ ነገር ነው። ያንን አደጋ ከድህነት ጋር ማያያዝ አይቻልም፤ የጎደለው ትኩረት ነው።

ታዲያ ማን ይስጠው? የእንግሊዝ የደረት ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ኮሌጅም ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ባወጣው የጋራ ስምምነት፣ የሚከለክል ምክንያት እስከሌለ ድረስ ሕመምተኛው ማረጋጊያ መድኃኒት እንዲቀርብለት ይመክራሉ። ይህን መጠነኛ ማረጋጊያ ሐኪሙ ራሱ ከሠለጠነ ነርስ ጋር ሆኖ ሊሰጠው ይችላል። ጥልቅ ሰመመን ሲሆን ግን የተለየ ባለሙያ የግድ ነው የሚለው ላይ ሰፊ ስምምነት አለ።

የእኔ አስተያየት በአገራችን ሁኔታ ላይ የቆመ ነው። ሦስት አማራጮች ቢቀርቡልኝ፣ ማለትም በጉሮሮ ማደንዘዣ ብቻ መሥራት፣ ራሱን የቻለ ተከታታይ ባለበት ማንቀላፋት፣ ተከታታይ ሳይኖር ማንቀላፋት፣ የመጨረሻውን አልመርጥም፤ ለቤተሰቤም አልፈቅድም። የመጀመሪያው ግን ኋላ ቀር ሆኖ መታየት የለበትም። አንዳንድ ቤተሰብ «ገንዘቡ ችግር የለውም፣ ሙሉ በሙሉ ይተኛልን» ሲል ይሰማል። ሙሉ እንቅልፍ የተሻለ ሆስፒታል ምልክት ተደርጎ ተወስዷል። በሌላ በኩል ደግሞ ተቋማት ወጪ ለመቀነስ ሲሉ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስቀሩት ምንም ሳይሠራ ቆሞ የሚያይ የሚመስለውን ሰው ነው፤ ሕይወት የሚተርፈው ግን በዚያ ሰው ዓይን ነው። የግል ሆስፒታል ከሄዱ ዋጋው ላይ ማደንዘዣና ክትትል መካተቱን፣ ለብቻ የሚከፈል ከሆነም ስንት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ሙሉ ሰመመን የግድ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች አሉ። ዋናው ኦቾሎኒ፣ ባቄላ ወይም ዶቃ ወደ አየር ቧንቧቸው የገባባቸው ሕፃናት ናቸው፤ እነዚህን የሚያወጣው የብረት ቱቦው ሲሆን ቦታውም የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ብዙ ደም የሚያስተፋው፣ ቧንቧው በዕጢ የተዘጋበት ወይም በአልትራሳውንድ የታገዘ ረጅም ናሙና የሚወሰድለት ሰውም በሰመመን ባለሙያ ቢያዝ ይሻላል። በተረፈ ብሮንኮስኮፒ በጥቅሉ አደጋው አነስተኛ የሆነ ምርመራ ነው፤ በትልልቅ ጥናቶች ለሞት ያደረሰው ከሺህ ሰዎች ከአንድ ባነሱት ላይ ነው።

በጣት ላይ ስለሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ለእኛ አገር የተለየ ትርጉም ስላለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር ታልፋለች። በአዲስ አበባ በምንስበው አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። በመሆኑም እዚህ በጤነኛ ሰው ጣት ላይ 93 ወይም 94 ማየት እንግዳ አይደለም። በብሮንኮስኮፒ ጊዜ አሳሳቢ የሚባለው ከ90 በታች ሲወርድ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተማ 98 ላይ ሆኖ የሚጀምር ሰው 8 እርምጃ መጠባበቂያ አለው፤ የእኛ ሰው ግን ሦስት ወይም አራት ብቻ። ሳንባው የታመመ ከሆነ ያም ላይኖር ይችላል። በደጋው ከተማ ኦክስጅን በአፍንጫ ቀድሞ መጀመሩ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መሣሪያው ራሱም ገደብ አለው። እ.ኤ.አ በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት መለኪያው በቂ ኦክስጅን አለ እያለ በደም ምርመራ ግን ኦክስጅን አንሶ የተገኘባቸው ጥቁር ሕሙማን ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጉ መሆናቸውን አሳይቷል። የቆዳ ቀለም ብርሃኑን ያሳስተዋል ማለት ነው። የጥፍር ቀለምና ሂናም ንባቡን ያዛባሉ፤ ስለዚህ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ከአንድ ጣትዎ ላይ ቀለሙን ያስለቅቁ። ከዚህም ሌላ ሕመምተኛው ኦክስጅን እየወሰደ ትንፋሹ ቢቆም ቁጥሩ ወዲያው አይወርድም፤ ሲወርድ ጥቂት ጊዜ አልፏል። የሚወጣውን ትንፋሽ በየቅጽበቱ የሚለካ ሌላ መሣሪያ አለ፤ በሁሉም ቦታ ግን የለም። እርሱ በሌለበት ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን የሚመለከት፣ ሕመምተኛውንም በስሙ እየጠራ የሚያናግር ሰው ይተካዋል። ይህ ሰው ሌላ ሥራ ሊኖረው አይገባም። ለሐኪሙ የናሙና ዕቃ የሚያቀብለውና ትንፋሽ የሚጠብቀው አንድ ሰው ከሆነ ትንፋሽ የሚጠብቅ የለም ማለት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ድርሻ እንምጣ። ከሁሉ የሚቀድመው ባዶ ሆድ ነው። ጉሮሮው የደነዘዘና ያንቀላፋ ሰው ቢያስታውክ ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ለምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ሥጋና ቅባት የበዛበት ከሆነ 8 ሰዓት፣ ለንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። ይህን ስንናገር «ጾመው ይምጡ» ማለት በእኛ አገር ያሳስታል። በዓቢይ ጾም ለሚገኝ ምዕመን መጾም ማለት ሥጋና ወተት መተው ስለሆነ ሽሮውን በልቶ «ጾመኛ ነኝ» ቢል አልዋሸም። ስለዚህ ባለሙያዎች «ምንም ሳይበሉ፣ ሳይጠጡ» ብለን መናገር፣ ሕመምተኞችም እንደዚያው መረዳት አለብን። በጠዋት የሚጠጣ ጠበልም ለሆድ ውሃ ነውና ሰዓቱን ይጠብቁ። በረመዳን ደግሞ ሱሁር በልተው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ያቆሙ ሰው ምርመራቸው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሆነ ያለፈው 4 ሰዓት ብቻ ነው፤ አይበቃም። የቀጠሮውን ሰዓት ማዘግየት ወይም ከረመዳን በኋላ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ያማክሩ። በልተው ከሆነ ደግሞ ይናገሩ። ከሩቅ መጥተው፣ ወረፋ ጠብቀው ቀጠሮ ሲራዘም እንደሚያናድድ እናውቃለን፤ በሳንባ ውስጥ ከገባ ትውከት ጋር ግን አይወዳደርም።

ቀጥሎ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ሌላው ቀርቶ በላስቲክ እንኳ ጠቅልለው፣ ይዘው ይሂዱ። ዋርፋሪንን የመሰሉ ደም ማቅጠኛዎች ናሙና ሲወሰድ ደም ያፈስሳሉ፤ በራስዎ ግን አያቋርጧቸው፣ መቼና እንዴት እንደሚቆሙ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። አስም ካለብዎት የሚነፋውን መድኃኒት ጠዋት ተጠቅመው፣ ይዘውትም ይምጡ። ማታ ማታ በኃይል የሚያንኮራፉና በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆምብዎት ከሆነ ይናገሩ፤ ይህን ከራስዎ ይልቅ የትዳር ጓደኛዎ ያውቀዋል። አልኮል በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በተለመደው መጠን ላያንቀላፋ ይችላል። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ስለሚያፈጥን በዋዜማው ይቅር። የሚወልቅ ጥርስና እርግዝናም መነገር አለባቸው። እነዚህን ነገሮች የምንጠይቀው ልንወቅስ አይደለም፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በእነርሱ ነው።

የስምምነት ቅጹ ብዙ ጊዜ በር ላይ፣ በጥድፊያ፣ አንዳንዴም በአስታማሚ እጅ ይፈረማል። እርስዎ ራስዎን የሚያውቁ ጎልማሳ ከሆኑ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት። ከመፈረምዎ በፊት የሚከታተለኝ ማን ነው፣ የሚሰጠኝስ ምንድን ነው፣ ኦክስጅንና ማርከሻው ክፍሉ ውስጥ አለ ወይ፣ ብሎ መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም። ጥያቄውን ፊት ለፊት መጠየቅ የሚከብድዎት ከሆነ ልጅዎ ወይም ወንድምዎ ይጠይቅልዎት። ማስጨረሻ ምልክት ላይም ቀድመው ይስማሙ፤ ቱቦው ጉሮሮ ውስጥ ሲሆን መናገር ስለማይቻል ለምሳሌ ግራ እጅ ሲነሣ ቱቦው ባለበት እንዲቆም።

ምርመራው ካለቀ በኋላ ማንቀላፊያ የወሰደ ሰው ብቻውን ታክሲ ተሳፍሮ አይሄድም፤ አዋቂ ሰው ይዞት ይሂድ። ለ24 ሰዓት መኪናም ሆነ ሞተር ብስክሌት አይንዳ፣ ውል አይፈርም፣ እሳት ላይ አይሥራ። ሚዳዞላም የወሰደ ሰው የነቃ መስሎ ያወራል፤ የተነገረውን ግን ማታ ላያስታውሰው ስለሚችል የሐኪሙን ትእዛዝ አጃቢውም ይስማው። ጉሮሮው እስኪለቅ 2 ሰዓት ገደማ ምግብም ውሃም አይቀመስ። «ሲርበኝ ዋለ» ብለው ቡና የሚያቀርቡ ዘመዶች ይታገሡ፤ የደነዘዘ ጉሮሮ ትኩስ ነገርን አያውቅም፣ ወደ ሳንባ የሚገባውንም አይመልስም። ሰዓቱ ሲደርስ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አንድ ጉንጭ ቀዝቃዛ ውሃ ይቅመሱ፤ ካሳለዎት ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ።

በዚያው ቀን ትንሽ ደም የነካው አክታ፣ የጉሮሮ መከርከርና በማታው ቀለል ያለ ትኩሳት የተለመዱ ናቸው። ከአንድ ሾርባ ማንኪያ የበለጠ ደም ከወጣ፣ በድንገት ደረትን የሚወጋ ሕመም ወይም የትንፋሽ እጥረት ከመጣ፣ ትኩሳቱ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ወይም የተኛው ሰው ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፣ የምርመራ ወረቀቱም አብሮ ይያዝ። የናሙናውን ውጤት የሚቀበሉበትን ቀንና የሐኪሙን ክፍል ቁጥር ከመውጣትዎ በፊት በወረቀት ላይ ያጽፉ።